የመኪና ዕቃ እንሥራ ወይስ እንግዛ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)




ማኅበሩ በዚህ መድረክ ላይ ቀርበን እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ፥ ከእኛ ስለ ታላላቅ ነገር መስማት የሚጠብቁ ብዙዎች እንደ ነበሩ እናውቃለን። ዳሩ ግን እኛ ይዘን የመጣነው አንዲት ትንሽ ብረት ናት። እርስዋም በፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ርዝመቷ አንድ ስንዝር አይሞላም። አንደኛው ወገኗ እንደ ተጋጠ የሸንኮራ አገዳ ተበልቷል። ንግግራችን ሲያልቅ ከእጅ ወደ እጅ እንድታልፍ እንፈልጋለን። እስከዚያው ድረስ ታሪኳን እንንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት በበጋው ወራት ለተግባር ልምምድ አራት ሆነን ወደ አዳሚ ቱሉ ሄድን። ከተማይቱን የማያውቅ ቢኖር፥ ከሞጆ ተነሥቶ በመቂና ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ በምንላት በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ በሚሄደው አሮጌ አስፋልት ላይ፥ ከባቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟም በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ እንደ ማለት ነው። በዚያ ጎዳና ላይ የማያልፍ የለም። ከሐይቁ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ያልፋል፤ መንገደኛ የሞላ ቅጥቅጥ ያልፋል፤ ባጃጁም ጋሪውም በመካከላቸው ይሽሎከሎካል። ጋሪውን ደኅና አድርጎ ለተመለከተው ሰው፥ ጎማው የአሮጌ መኪና ጎማ፥ ዘንጉም የአሮጌ መኪና ዘንግ ነው። መኪናው ሞቶ አካሉ ከፈረስ ኋላ ይከተላል።

የተመደብንበት ጋራዥ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ሲሆን፥ በውስጡ አንድ አሮጌ የጣልያን ቶርኖ፥ አንድ የብየዳ ማሽንና አንድ ግራይንደር ነበሩት። የቶርኖው ጌታ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከሁለት ወር ቆይታችን ብዙውን የፈጀነው እርሳቸው ሲሠሩ ቆመን በማየት ነው።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፥ ቲማቲም የጫነ አይሱዙ አንድ ወገኑን አዘንብሎ እያነከሰ ወደ ግቢው ገባ። የኋላው ባሌስትራ ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት ፔርኖ ተበልቶ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። ፔርኖ ለሚያያት ሰው ቀላል ነገር ናት፤ ክብ ብረት ተልጣ በነሐስ ቀለበት ውስጥ ትገባለች፥ አለቀ። ነገር ግን በዚያ ወገን ያለው ጭነት ሁሉ የሚንጠለጠለው በእርስዋ ላይ ነው። ሾፌሩ በባጃጅ ባቱ ድረስ ሄዶ ጠየቀ፤ አላገኘም። አዳማ ወይም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ካልተላከ በቀር አይገኝም ተባለ። ቲማቲም ደግሞ በዚያ ሙቀት ቀጠሮ አይቀበልም። ሽማግሌው በዚያን ዕለት ለቅሶ ሄደው አልነበሩም። ከዚህ በኋላ የሆነውን ራሳችሁ ልትገምቱት ትችላላችሁ። አራት የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎች፥ አንድ ሥራ የፈታ ቶርኖና አንድ የተጨነቀ ሾፌር በአንድ ግቢ ተገናኙ።

ካሊበር አወጣን። አሮጌውን ፔርኖ ባልተበላው በኩል ለካን። በግቢው ጥግ ከወደቀው ብረት መካከል ውፍረቱ የሚስማማ የፌሮ ቁራጭ፥ ያው ለሕንፃ የሚሆነውን ብረት ማለታችን ነው፥ አገኘንና ላጥነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እንደ መስተዋት የሚያበራ ፔርኖ ሠራን፤ ልኩም እንከን አልነበረውም። ሾፌሩ መርቆን ሄደ። በዚያ ማታ እራት ስንበላ ስለ ሀገር ኢንዱስትሪ ብዙ ተናገርን።

በአሥራ አንደኛው ቀን ያው መኪና ባሌስትራው በሰንሰለት ታስሮ ተመልሶ መጣ። ይህች በጠረጴዛው ላይ የምታይዋት ያች የእኛ ፔርኖ ናት። በቡልቡላ አጠገብ ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ሳለ ባሌስትራው ከቦታው ሸሸና መኪናው ወደ ጎን ተጎተተ። ከብቶቹ ባይኖሩ ኖሮ በሙሉ ፍጥነቱ ላይ ይሆን ነበር። ከሾፌሩ ጎን ረዳቱና ሕፃን የታቀፈች አንዲት ሴት ተቀምጠው ነበር። ማንም አልሞተም፤ ማንም አልቆሰለም። እኛ ግን በዚያ ሌሊት አልተኛንም።

ሾፌሩ አልሰደበንም። «እናንተ እኮ የተማራችሁ ናችሁ፤ የምታውቁ መስሎኝ ነበር» ብቻ አለን። ስድብ ቢሆን በቀለለን።

ሽማግሌው ፔርኖዋን ተቀብለው አገላብጠው አዩና፥ «ልኩን የለካው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። «እኛ ነን፥ ጋሼ» አልን። «ልኩ ጥሩ ነው። ብረቱንስ ማን ጠየቀው?» አሉን።

ከዚህ በኋላ ያሳዩንን ነገር ከአራት ዓመት ትምህርታችን ጋር እኩል እናስበዋለን። ግራይንደሩን አስነሥተው ከፌሮው የተረፈውን ቁራጭ አስጠጉ። ረዥምና ቀጥ ያለ የእሳት ክር ወጣ፤ በጫፉም ብዙ አልፈነዳም። ቀጥለው ከአንድ አሮጌ ኤንትሬ የወጣ የተሰበረ የጎማ ዘንግ አስጠጉ። የዚህ ክር አጠረ፤ በጫፉም እንደ አበባ ፈነዳ፥ ቅርንጫፍም አወጣ። «ይኸኛው ይናገራል፤ ያኛው ዲዳ ነው» አሉን። በክፍላችን ውስጥ ስለ ካርቦን ያልተማርነው የለም። ፌሮ በውስጡ ያለው ካርቦን ጥቂት ስለ ሆነ፥ አግለው ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ቢነክሩትም እምብዛም እንደማይጠነክር፤ የጎማ ዘንግ ግን ካርቦኑ ከመቶ 0.4 ያህል ሆኖ ክሮምም የተጨመረበት ስለ ሆነ በእሳትና በዘይት እንደሚጠነክር፥ ይህን ሁሉ ለፈተና ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። ሆኖም ካርቦንን በዓይናችን ያየነው በዚያን ቀን ነው።

ሽማግሌው ከዚያ ዘንግ ላይ አዲስ ፔርኖ ላጡ። እስኪቀላ ድረስ አጋሉት፤ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ነከሩት፤ እንዳይሰባበር ደግሞ መልሰው በቀስታ አሞቁት። በመጨረሻም ሞረድ ቢያሳርፉበት ሞረዱ እየተንሸራተተ አለፈ። የእርሳቸውን ዋጋ እኛ ከኪሳችን ከፈልን። ከተማይቱን እስከ ለቀቅንበት ቀን ድረስ ያ አይሱዙ በሳምንት ሁለት ጊዜ በበራችን ያልፍ ነበር፤ ለፔርኖ ግን አልተመለሰም።

ወገኖቻችን ሆይ፤

ይህን ብቻ ነግረናችሁ ብናቆም፥ «እንግዲያው መግዛት ይሻላል» የምትሉ ትኖራላችሁ። ስለዚህ ሁለተኛውን ታሪክ እንጨምር። በዚያው ወር አንድ የሚኒባስ ባለቤት ለፊት ጎማው አዲስ ኩሽኔታ ገዝቶ መጣ። ካርቶኑ ያማረ ነው፤ በላዩም ዓለም የሚያውቀው የፋብሪካ ስም ታትሞበታል። ዋጋው ግን ከወትሮው ሲሦውን ያህል ብቻ ነበር። ሽማግሌው ቀለበቱን በጣታቸው አሽከርክረው ወደ ጆሯቸው አስጠጉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለቤቱ ግን «በካርቶኑ ላይ ያለውን ስም አላዩትም?» አለ። «አይቼዋለሁ፤ የሚሽከረከረው ግን ካርቶኑ አይደለም» አሉት። ባለቤቱ ግድ ብሎ አስገጠመው። ወር ሳይሞላው ጎማው እየጮኸና እየጋለ መጣ። ኩሽኔታው ሲፈታ ኳሶቹ ፈንጣጣ እንደ ያዘው ፊት ተቦርቡረው ነበር። የሸጠለትን ነጋዴ ስም አናነሣም፤ ምናልባት እርሱም ተታሎ ይሆናል።

እንግዲህ በአንድ ወር ውስጥ የተሠራ ዕቃ ከዳን፤ የተገዛም ዕቃ ከዳን። በዚህም ምክንያት፥ «መሥራት ይሻላል ወይስ መግዛት?» የሚለው ጥያቄ እንዲሁ በጥቅሉ ሲጠየቅ መልስ የለውም ብለን እናምናለን። ጥያቄው በየዕቃው መጠየቅ አለበት። እኛም ያየነውን በሦስት ክፍል ከፍለን እናቀርብላችኋለን።

የመጀመሪያው ክፍል ያለ ፍርሃት ልንሠራው የሚገባ ዕቃ ነው። የውሃ ፓምፕ ወይም የካምቢዮ ክዳን ወረቀት ጓርኒሲዮን ከጓርኒሲዮን ወረቀት ላይ በመዶሻ እየተመታ ይቆረጣል፤ ጠርዙ ራሱ መቁረጫ ይሆናል። ማርሚታ፥ የጭነት ሳጥን፥ የወንበር ብረት፥ የባትሪ ማሰሪያ፥ የፓራውርቲ ድጋፍ፥ እነዚህን ሁሉ በየከተማው ያለ በያጅ ይሠራቸዋል። ቢበላሹም ሰው አይገድሉም፤ በማግሥቱ ይጠገናሉ። ለእነዚህ ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ ማውጣት ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው።

ሁለተኛው ክፍል ብረቱ ከታወቀ፥ መለኪያውና እሳቱም ካሉ ልንሠራው የምንችለው ነው። ፔርኖ፥ የነሐስ ቡሽ፥ የባሌስትራ ቅጠል፥ የፑሌጃ ጎድጓዳ፥ አንዳንድ ጥርስ የሌለው ዘንግ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የነሐስ ቡሽ በዘንጉና በራሱ መካከል የሚተወው ክፍተት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑን አስቡ። ክፍተቱ ከጠበበ ዘይት አይገባም፤ ከሰፋም ዘንጉ ይንኳኳል። ስለዚህ ማይክሮሜትር የሌለው ሰው ይህን ሥራ ባይነካው ይሻላል። ማይክሮሜትር ያለውም ብረቱን ካልጠየቀ የእኛን ፔርኖ ይሠራል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ እየተቆረጠ የሚሠራውንም የላስቲክ ቡሽ ከዚሁ እንቈጥረዋለን፤ እንደ አዲሱ ዕድሜ የለውም፥ ግን ሥራውን ያውቃል።

ሦስተኛው ክፍል በምንም ምክንያት በከተማ ጋራዥ ውስጥ ልንሠራው የማይገባ ነው። ኩሽኔታ ከመቶ 1 ያህል ካርቦንና 1.5 ያህል ክሮም ካለበት ልዩ ብረት ይሠራል፤ ኳሶቹም ከአንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር ባነሰ ስሕተት ተሞርደው ይወለወላሉ። ታላላቆቹ የመኪና ፋብሪካዎች እንኳ ኩሽኔታን ለብቻው ከሚሠሩ ፋብሪካዎች ይገዛሉ እንጂ አይሠሩም፤ ስለዚህ እኛም መግዛታችን ውርደት አይደለም። የፍሬን ሸራና የፍሬን ጎማ፥ የመሪ ጫፍ፥ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፥ የናፍጣ ፓምፕ ውስጣዊ ዕቃ ከዚሁ ክፍል ናቸው። የዓባይን በረሃ ወይም የጣርማ በርን ቁልቁለት የወረደ ሰው፥ ፍሬን ሲግል ምን ማለት እንደ ሆነ ሳንነግረው ያውቃል።

ከፋብሪካው ካርቶን ውጭ ስለሚገዛውም አዲስ ዕቃ አንድ ነገር መለየት አለብን። ዕቃውን ሠርቶ የራሱን ስም የሚጽፍበት ፋብሪካ አለ፤ ርካሽም ውድም ሊሆን ይችላል፥ ነገር ግን በስሙ ይጠየቃል። የሌላውን ስም ሰርቆ የሚጽፍ ደግሞ አለ፤ ይኸኛው በማንም አይጠየቅም። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ አፍ «ኮፒ» ይላቸዋል። በእኛ አስተሳሰብ ግን ስሙን የጻፈው ጎረቤት ነው፤ ስም የሰረቀው ሌባ ነው። በተመሳሳይም ፔርኖውን ላጥቶ «ከተበላ ወደ እኔ አምጣው» የሚል የቶርኖ ባለሙያ፥ ስም ካለው ፋብሪካ ጋር በአንድ ወገን ይቆማል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ነገር እንለፍ። በጋራዥ ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ አዳምጡ። ባሌስትራ፥ ፔርኖ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ኩሽኔታ፥ ቴስታታ፥ ቶርኖ። ሁሉም የጣልያን ቃል ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ከጭነት መኪናዎቹ ጋር ገብቶ፥ ከዚያም በኋላ በሀገራችን በቀሩት የጣልያን መካኒኮች ጋራዥ ውስጥ አባቶቻችን ሙያውን ሲማሩ የተማሩት ነው። ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ከውጭ አስመጥተናል ማለት ነው። ዳሩ ግን ሁለት ቃላት የራሳችን ሆነው ቆመዋል። አንደኛው ቀጥቃጭ፥ ሁለተኛውም ከዚያው ግሥ የወጣው ቅጥቅጥ ነው።

ቅጥቅጥ አውቶቡስ ምን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ግማሾቻችሁ ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጣችሁት በእርሱ ተሳፍራችሁ ነው። ሞተሩና ሻንሲው የጭነት አይሱዙ ሆኖ ከውጭ ይገዛል። አካሉን ግን የሀገራችን ሠራተኞች ላሜራ ቀጥቅጠው፥ ብረት በይደው፥ ወንበር ተክለው ይሠሩታል። የመሥራትና የመግዛት ጥያቄ በአንድ መኪና ላይ ተፈትቶ ሲሄድ ማየት የፈለገ ሰው፥ ከሞጆ መናኸሪያ ቆሞ ይመልከት። እዚህም ላይ ያው ጥያቄ ይመለሳል፤ ወንበሩ ከወለሉ ጋር የተበየደው በምን ዓይነት ብረት ነው? ጣሪያው ቢገለበጥ ይሸከማልን? ይህን የሚጠይቅ መሐንዲስ ካልተገኘ፥ ቀጥቃጩ ብቻውን ይቀራል።

ቀጥቃጩን ብቻውን የተውነው ደግሞ ዛሬ አይደለም። ብረት የሚሠራውን ሰው ጠይብ፥ ቡዳ እያለ የሚርቅ ሕዝብ ነበርን። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው፥ በ1859 ዓ.ም. ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አስቀለጡ፤ መድፉም ዛሬ በመቅደላ ላይ አለ። ዳሩ ግን ያን ያፈሱት በንጉሡ ትእዛዝ የተያዙ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና ከእነርሱ ጋር የሠሩ የሀገር ሰዎች ሲሆኑ፥ ንጉሡ ሲሞቱ ጋፋት ከእርሳቸው ጋር ሞተች። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጁ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን አሁንም ልጃችን መሐንዲስ እንዲባል እንጂ እጁ ጥቁር ዘይት እንዲነካ አንፈልግም። ይህን ስንል ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ከእኛ ከአራታችን አንዱ፥ ቤተሰቦቹ ሊጠይቁት አዳሚ ቱሉ በመጡ ጊዜ ቱታውን አውልቆ ተቀብሏቸዋል።

ጥሩ ምሳሌም አላጣንም። የምድር ባቡሩ መስመር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ፥ በመካከሉ ድሬዳዋ ላይ ታላቅ ወርክሾፕ ነበረው። የብረት ማቅለጫ፥ ቶርኖና መሰርሰሪያ ያለው ይህ ወርክሾፕ፥ የሚያረጁትን ባቡሮች መለዋወጫ ከፋብሪካው ማግኘት ባልተቻለ ጊዜ ሠራተኞቹ ራሳቸው እየሠሩ መስመሩን አቆይተውታል። በደርግ ዘመን ደግሞ በአቃቂ የመለዋወጫ ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ፥ በናዝሬትም የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቁመው ነበር። ሁለቱም ከ2002 ዓ.ም. በኋላ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ይባል በነበረው ሥር ገብተው ነበር። የዚያን ኮርፖሬሽን ታሪክ መዘርዘር የዛሬ ጉዳያችን አይደለም፤ ከላይ በትእዛዝ የሚሠራ ፋብሪካ ከታች በየጋራዡ ያለውን እጅ ካልያዘ እንደማይጠና ግን አሳይቶናል።

«ይህ ሁሉ ለምን ዛሬ ተነሣ?» የሚል ይኖራል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ በተለቀቀ ጊዜ፥ እስከዚያ ቀን በ58 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከባሕር ማዶ የሚመጣ እያንዳንዱ ኩሽኔታ ይህን ዋጋ ተሸክሞ ይመጣል። ሁለተኛ፥ በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪኩ መኪና ይበዛል፤ መልካም ነው። በሀገሩ ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና ግን ባለቤቱ እንደ ሽማግሌ አባት ይጦረዋል እንጂ አይጥለውም። ዕቃው ውድ ሲሆንና መኪናው ሲያረጅ፥ የተሰረቀ ስም ያለበት ካርቶንና ያልተጠየቀ ፌሮ የሚበዙት ያን ጊዜ ነው። አደጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠችው እናትና የታቀፈችው ሕፃን ናቸው።

ሌሎች ሕዝቦች ምን እንዳደረጉ በአጭሩ እንመልከት። ኩባ ከአሜሪካ ጋር ንግዷ በተቋረጠ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. ከ1960 በፊት የገቡትን የአሜሪካ መኪናዎች በእጅ በተሠራ ዕቃ እስከ ዛሬ እየነዳች ትገኛለች፤ ይህም የጭንቅ ብልሃት ነው። በናይጄሪያ ኔዊ የምትባል ከተማ ነጋዴዎች የመኪና ዕቃ ከታይዋን ያስመጡ ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከነዚሁ ነጋዴዎች አንዳንዶቹ ከታይዋን ባለሙያ እያመጡ፥ ይሸጡት የነበረውን ዕቃ ራሳቸው ወደ መሥራት ገቡ። ገበያውን ስለሚያውቁ የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚበላ የሚነግራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም። ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የጋና ምሳሌ ነው። በኩማሲ ከተማ ሱዋሜ መጋዚን የሚባል እጅግ ሰፊ የጋራዥ ሰፈር አለ። የኩማሲ ዩኒቨርሲቲ በ1972 እ.ኤ.አ. የቴክኖሎጂ ማማከሪያ ማዕከል አቋቋመ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባለሙያዎቹን ወደ ግቢው ከመጥራት ይልቅ፥ ራሱ ወደ ሰፈሩ ሄዶ በሱዋሜ መካከል ወርክሾፕ ከፈተ። ዩኒቨርሲቲው ወደ ጋራዡ ሄደ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን አራት ነገር በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በትምህርት ክፍላችን ውስጥ የብረት ጥንካሬ መለኪያ መሣሪያ አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ ለተማሪ ልምምድ ይከፈታል፤ በቀረው ጊዜ ተሸፍኖ ይቀመጣል። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለከተማችንና ለአካባቢዋ የቶርኖ ባለሙያዎች ይከፈት። ብረታቸውን ይዘው መጥተው ይጠይቁት።

ሁለተኛ፤ ለተግባር ልምምድ የሚወጣ እያንዳንዱ ተማሪ በሄደበት ጋራዥ የሚሠሩትን ዕቃዎች ልክና ብረት በሥዕል ጽፎ ይመለስ። ሽማግሌዎቹ በራሳቸው ውስጥ ይዘውት የሚዞሩት እውቀት ቢሞቱ አብሮ ይቀበራል። እኛ ያመጣነው አሥራ ሰባት ሥዕል በቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል፤ ሌሎቻችሁ ጨምሩበት።

ሦስተኛ፤ የሐሰት ካርቶን መለያዎችን፥ ማለት የተፋቀ ቁጥር፥ የተዛነፈ ጽሑፍ፥ ከዋጋው በታች የሆነ ዋጋ የመሳሰሉትን፥ በዚህ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ እናውጣ። የሻጭን ስም ግን አናውጣ፤ ሥራችን ሰው ማሳደድ አይደለም።

አራተኛ፤ ከሦስቱ ክፍሎች የሦስተኛውን ዕቃ በጋራዥ እንዲሠራ የሚጠይቀን ሾፌር ሲመጣ፥ «አንችልም» ማለትን እንማር። በዚያ ከሰዓት በኋላ ያቃተን ቶርኖውን ማዞር አልነበረም፤ ይህችን አንዲት ቃል መናገር ነበር። ፔርኖውን እንኳ፥ ብረቱን የሚያውቁት ሽማግሌ ከለቅሶ እስኪመለሱ ልናቆየው ይገባን ነበር። ቲማቲሙ ምናልባት ይበላሽ ነበር። ይበላሽ።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ይህን ንግግር ከማድረጋችን በፊት መክረውን ነበር። «ስሕተታችሁን በአደባባይ ማውራት ለሙያችን ስም አይበጅም» አሉን። ምክራቸውን በአክብሮት ሰማን፤ አልተቀበልነውም። ሐኪም የሳተውን ካልተናገረ ቀጣዩ ሐኪም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ደግሞም ሾፌሩ «የምታውቁ መስሎኝ ነበር» ሲለን፥ የወቀሰው አራታችንን ብቻ እንዳልሆነ ይሰማናል። ይህን አዳራሽ የሞላነውን ሁላችንን ነው።

አሁን ፔርኖዋን ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ አሳልፉ። የተበላውን ወገን በጣታችሁ ዳስሱት። ሲጨርስ ወደ ጠረጴዛው ትመለስልን፤ የግላችን ናት፥ ልናስቀምጣት እንፈልጋለን።